ማሩ ለባሻ፣ ሰሙ ለሚካኤል

ባሻ አንለይ ሸጊቱንና ባሏን ይስማውን በደላቸው። ዕዳውን እስከ መጨረሻው ተቀብሎ «አልተከፈልኩም» አለ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ወዲያ የመጣ ነው።

ዘመኑ ሩቅ ነው። የአያቶቻችን አያቶች ገና በጀርባ ይታዘሉ በነበረበት ጊዜ፣ ቀጨሞ በምትባል መንደር እነዚህ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ድሆች ነበሩ። ጓሯቸው ቁራጭ መሬት ነበረች፣ መሬቷ ላይ ዋንዛ ነበረ፣ ዋንዛው ላይ ቀፎ ነበረ። ሌላ ሀብት አልነበራቸውም። ሸጊቱ ምላስ ነበራት፤ ይስማው ይሉኝታ ነበረው። ምላሷ አልጎዳቸውም፤ የጎዳቸው ይሉኝታው ነው።

አንድ ክረምት በረዶ ወረደና የመንደሩን ጤፍ ከአፈር ደባለቀው። ባልና ሚስቱ የሚቀምሱት አጡ። ከባሻ አንለይ እህል ተበደሩ። ባሻ የጎተራ ጌታ ነው፤ ሲያበድር ፈገግ ይላል፣ ሲያስከፍል አይስቅም።

«በማር ትከፍሉኛላችሁ፤ ጋኔ እስኪሞላ» አላቸው።

ጋኑን ያየ ሰው፣ ሰው ቆሞ ይገባበታል ይል ነበር።

ማር በተቆረጠ ቁጥር ሸጊቱ ማሩን ከሰሙ ትለያለች። ማሩ ለባሻ፣ ሰሙ ለሚካኤል። ከሰሙ ጧፍ ይሠራል፣ በጧፉ ይቀደሳል። ጎረቤቶቿ ይሥቁባት ነበር።

«አንቺ ሸጊቱ፣ ሰሙንም ሸጠሽ ከዕዳሽ አትወጪም? ሚካኤል በጨለማ የሚደናበር መሰለሽ?»

«የምትደናበሪውስ አንቺ ነሽ። ስትሳለሚ ከደፉ እንዳትወድቂ ብዬ ነው» ትላለች።

ዓመት ሄደ፣ ዓመት መጣ። ማሩ ለባሻ፣ ሰሙ ለሚካኤል። በኋላ በአንድ ኅዳር ሚካኤል ጧት ይስማው የመጨረሻውን እንስራ ማር ተሸከመ። መንደሩ ሁሉ ለንግሥ ወጥቷል። መንገዱ ጭር ብሏል።

«ምስክር ጥራ» አለችው ሸጊቱ።

«በሚካኤል ቀን ሰው ሰብስቤ ባሻን ሌባ ላስመስላቸው? ተይ እንጂ!» አላት።

ይስማው ማሩን ገለበጠ። ጋኑ እስከ አፉ ሞላ። ባሻ በጣቱ ቀመሰና «ሞላ» አለ። ከዚያ በሩን ዘጋ። ባልና ሚስቱ ሰሙን ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሸጊቱ መንገድ ለመንገድ ብቻዋን እልል አለች።

ሳምንት ሳይቆይ ባሻ «ዕዳዬን ክፈሉኝ» አለ።

ሽማግሎች ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ምስክር የለም፤ ጋኑንም ባሻ ዘግቶበታል። «እንግዲያ በሚካኤል ማሉ» አሏቸው። ሸጊቱ ተነሣች።

«ሰም ይዤ በምገባበት ደጅ፣ ስለ ማር ብዬ አልምልም» አለች።

ይስማውም አልማለም። ባሻ ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ ተነሣ።

«እነዚህ ሰዎች ከፍለውኝ ከሆነ መሬት አትቀበለኝ!» አለ።

ዋርካው ላይ ይንጫጩ የነበሩት ወፎች ባንድ ጊዜ ዝም አሉ። ሽማግሎቹ ግን ልብ አላሉትም፤ ለማለው ፈረዱለት። እስከ መጪው ኅዳር ሚካኤል ድረስ እንደገና ይክፈሉ፤ ካልከፈሉ የጓሮ መሬታቸው ከነቀፎው የባሻ ይሁን ተባለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸጊቱ ለባሻ የምትለውን ታሰናዳ ጀመር። ውሃ ስትቀዳ አንድ ስድብ ትጨምራለች፣ ስትፈትል አንድ ትጨምራለች። ያጠራቀመችው የባሻን ጎተራ ይሞላ ነበር። ባሻ ግን ፍልሰታ ሲገባ ታመመና ሳትነግረው ሞተባት።

በሰሌን ጠቅልለው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ዳር ቀበሩት። በማግሥቱ ሰሌኑ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተጋድሞ ተገኘ። «ጅብ ነው» አሉ። ጅብ ቢሆን ሰሌኑን ይተረትረው ነበር፤ ሰሌኑ እንደ ተጠቀለለ ነው። አፈሩም የተጫረ አይመስልም፣ የተተፋ ይመስላል። እንደገና ቀበሩት። ድንጋይ ጫኑበት። በማግሥቱ ድንጋዩ ዳር ዳሩን ተደርድሯል፣ ሰሌኑ ከላይ ተጋድሟል። ለሦስተኛ ጊዜ ቀበሩት። ያን ጊዜ ሰሌኑ አልወጣም። የወጣው ባሻ ራሱ ነው።

መጀመሪያ ያየው ይስማው ነው። ወሩ መስከረም፣ ሰዓቱ ቀትር ነበር፤ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ገብቶ የሚደበቅበት ሰዓት። ይስማው ቀፎውን ሊያይ ዋንዛው ሥር ቆመ። ንቦቹ ዝም አሉ። ዞር ሲል ባሻ ቆሟል። ከጋቢው ላይ አፈር ያራግፋል። ያራግፋል፣ ያራግፋል፣ አፈሩ አያልቅም። ከእግሩ ሥር ጥላ የለም። አፉን ከፈተ። ከአፉ አፈር ወረደ እንጂ ቃል አልወጣም።

ይስማው ማር ፈልጎ የመጣ መሰለው። በቅል ማር ቀድቶ ከፊቱ አስቀመጠና ሸሸ። በማግሥቱ ቅሉ እዚያው ነበር። ጉንዳን እንኳ አልቀረበውም።

«ሸጊቱ፣ ዘንድሮ ቀፎው ማር አልሰጠም። ሰሙንም ሸጠን እንክፈል። ይህ ሰውዬ ከደጄ ይነሣልኝ» አለ ይስማው።

«በሕይወቱ ያልወሰደውን ሰም ሞቶ አይወስደውም» አለች።

አለች እንጂ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። መሬቷ ከሄደች ቀፎው ይሄዳል። ቀፎው ከሄደ ሰሙም የለ፣ እነሱም የሉ።

ሁለተኛ ያየችው የባሻ ሚስት እመት ዘርፌ ናት። በኩታዋ ተከናንባ ወደ ሸጊቱ ቤት መጣች። በእጇ አንድ እንቅብ አፈር ይዛለች።

«ልጄ ሸጊቱ፣ ቀትር በሆነ ቁጥር ደጃፌ ላይ ይቆማል። አፈሩን ያራግፋል። ይኸው የዛሬው ነው። ጠርጌ ጠርጌ ወገቤ ተቆረጠ።»

«እመት፣ ለመሆኑ ጋኑን አይተውታል?» አለቻት ሸጊቱ።

«አይቸዋለሁ።»

«ሞልቷል?»

እመት ዘርፌ መሬት መሬት አየች።

«ባሌ አይደለም እንዴ፣ ምን ላድርግ! የማለበትን አፍ እኔ ልዝጋው?» አለችና አፈሯን ይዛ ተመለሰች።

ሦስተኛ ያየችው ሸጊቱ ናት። ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ዕዳው አልተሟላም፤ ሽማግሎቹ መሬቷን ለባሻ ወራሾች ሊረከቡ ከቅዳሴ በኋላ ቅጽሩ ውስጥ ይጠብቃሉ። ሸጊቱ ሰሙን አዝላ መጣች። ማሩ ለባሻ ባይበቃም ሰሙ ለሚካኤል ነው። ታቦቱ ዞሮ ገባ። ቀትር ሆነ። ከበሮው በመሐል ቆመ፤ መቺው እጁን አንሥቶ ቀረ። እልልታው ከሴቶቹ ጉሮሮ ውስጥ ደረቀ። ባሻ ከመቃብሩ አጠገብ ቆሞ አፈር ያራግፋል።

ሕዝቡ ተበተነ። ቀድመው የሮጡት ሽማግሎቹ ናቸው።

ሸጊቱ አልሮጠችም። ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ስድብ ምላሷ ላይ መጣ። አፏን ልትከፍት ስትል እጁን አየችው። እጁ ደክሞ ይንቀጠቀጣል። ያራግፋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያራግፋል። ይህ ሰው ማር አልፈለገም። የማለበትን ቃል ሊመልስ ፈልጎ አፉ አፈር ሆኖበታል።

«አባ፣ ካምናው ሰሜ የተሠራ ጧፍ ቀርቷል?» አለቻቸው ሳይሸሹ የቀሩትን ቄስ መምሬ ይርዳውን።

መምሬ ከቀሚሳቸው ውስጥ አንድ ቁራጭ አወጡ። ያ ሰም ባሻ የበላው ማር ያደረበት ሰም ነው። ሸጊቱ በዚያ በጠራራ ፀሐይ ጧፉን አበራች። ነበልባሉ ለዓይን አይታይም ነበር። ግን ወደ ባሻ ስታስጠጋው ከባሻ እግር ሥር ጥላ ወጣ። ጥላው ረዘመ፣ ረዘመ፣ ቅጽሩን ተሻግሮ ከሸሹት ሽማግሎች እግር ላይ ደረሰ። ባሻም አፉን ከፈተ። አፈር አልወረደም።

«ሞላ» አለ።

እመት ዘርፌ ከቅጽሩ ግንብ ሥር ሆና ጮኸች። «ሞልቷል! ሞልቷል፤ እኔም አውቃለሁ!»

ሸጊቱ ወደ ባሻ ጠጋ ብላ አንድ ነገር አለችው። ባሻም ዞረና ወደ ጉድጓዱ ገባ። መሬት ተቀበለችው። ከዚያ ወዲህ አልወጣም። ሽማግሎቹ ዕዳው የለም አሉ፤ ቀና ብለው ግን ሊያዩዋት አልቻሉም። ሸጊቱና ይስማው እስኪያረጁ ከዋንዛቸው ሥር ኖሩ። ማሩ ለቤታቸው፣ ሰሙ ለሚካኤል ሆነ።

ዛሬም በቀጨሞ ዕዳውን የጨረሰ ሰው በቀትር ጧፍ ያበራል። አበዳሪውና ተበዳሪው ከጧፉ ፊት ይቆማሉ። አበዳሪው ጥላውን አይቶ «ሞላ» ይላል። ተበዳሪው ደግሞ ሸጊቱ ያን ቀን ያለችውን ይለዋል። ቃሉ በቁሙ ላለ ሰው የሚባል አይደለም፤ ብዙ አበዳሪ ሲሰማው ፊቱ ይገረጣል። ቢሆንም ሳይባልለት ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም።

ያን ቀን ሸጊቱ ካጠራቀመችው ስድብ አንዱንም አላወጣችም። ጧፉን በግራ እጇ ያዘች። ከጋቢው ላይ የቀረውን አፈር በቀኝ እጇ አራገፈችለት። ከዚያ እንዲህ አለችው፦

«ተከፍሎዎታል፣ ባሻ። ይተኙ።»