አስመሳይ የተባለችው ዱቄት

በሞቃት ቆላ የሚኖር አንድ የፍየል ነጋዴ ነበረ። ጥያቄሽን አልዘለልኩትም ልጄ፤ ቅዳሜ ስትዳሪ በአባት ወንበር ያሳደገሽ እንጀራ አባትሽ ይቀመጥ ወይስ አጎትሽ፣ ብለሽ ጨንቆሽ ነው የመጣሽው። እኔ ግን የኬሚስትሪ አስተማሪሽ ነኝና እንደ ልማዴ ዞሬ ነው የምመልስልሽ።

ነጋዴው ጮማ ወዳድ ነበር። አንድም ቀን አሞት አያውቅም። ሁለት ወንድሞቹ ግን እንደሱ ደህና ነን እያሉ በድንገት ወድቀው ቀርተዋልና፣ ሚስቱ ነዝንዛ ነዝንዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ በደሙ ውስጥ ያለውን ስብ፣ ኮሌስትሮል የሚሉትን፣ ልትለካለት ተነሣች።

ይህን ስብ በቀለም ለማሳየት የሚረዳው ኢንዛይም የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ኢንዛይም ከሕያው ፍጥረት ስለሚገኝ ሙቀት አይችልም፤ መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት በዚያ ቆላ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ነርሷ የምትሠራው ከብረት በተሠራች፣ እጅግ በላመች ዱቄት ነበር። «ይቺ ኢንዛይም አስመሳይ ናት» አለችው።

ነጋዴው ብድግ አለ።

«አስመሳይ? እኔ በአስመሳይ ስንቴ ተታልያለሁ! እውነተኛው ሲመጣ ጥሪኝ» ብሎ ሊሄድ ዱላውን አነሣ።

ነርሷ በሩ ላይ ቆመችበት። «አባቴ፣ እርስዎን ያታለለዎት የእውነተኛውን መልክ ይዞ ሥራውን የማይሠራው ነው። ይቺ መልኩም የላት፣ ዘሯም ሌላ ነው። ሥራውን ግን ትሠራለች።»

ሰውዬው ዱላውን አስቀምጦ ጣቱን ሰጣት። ስቡ በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይበረታል፤ ዱቄቷ የተበጠበጠችበት ውሃ የሱ የደም ጠብታ ሲገባበት ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ በኋላ ጮማ ተወ፣ መድኃኒት ጀመረ፣ ወንድሞቹ ያላዩትን ዕድሜ አየ። በዓመቱ ፍየል እየጎተተ መጥቶ ነርሷን «እኔ ተከልክያለሁ፣ አንቺ ብዪልኝ» አላት። ወደ ዱቄቷ ብልቃጥም ዞሮ፣ ሰው ይስቅብኛል ሳይል፣ እጅ ነሣ።

እንግዲህ ልጄ፣ ወላጅ አባትሽን ሞት ቀደመው፤ በሱ አይፈረድም። አጎቶችሽ እንጀራ አባትሽን «አስመሳይ አባት» ይሉታል። እርግጥ አፍንጫሽ የሱ አይደለም። ወባ ሲጥልሽ አዝሎሽ ሐኪም ቤት የሮጠው ግን ማን ነው? «ወላጅ አምጪ» ባልኩሽ ቁጥር ከሥራው ተነሥቶ ፊቴ የሚቆመውስ ማን ነበር? አንዴም አልቀረም፤ እኔ ራሴ እንደሱ ያለ አባት በማየቴ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ወንበሩ የሱ ነው። እስከ ዛሬ «ጋሼ» ስትይው ነው የሰማሁሽ። ቅዳሜ ጎንበስ ብለሽ ጉልበቱን ስትስሚ «አባዬ» በዪው።