አህያ ብቻ የሚበላው ገደል

አንድ ጊዜ ጉሬዛ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር የግጥምና የዘፈን ትምህርት ቤት ከፈተ። ነጭ ካባውን አስተካክሎ ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጥና ከታች የተሰበሰቡትን ያስተምራል። ከተማሪዎቹ መካከል አያ ጅቦ፣ እመት ቀበሮና አንዲት አህያ ነበሩ። ጅብ የመጣው ከትምህርቱ በኋላ ምሳ ያለ መስሎት ነው። ቀበሮ የመጣችው ማን ምን እንደሚያስብ ለማወቅ ነው። አህያዋ ለምን እንደመጣች ለማንም አልተናገረችም።

የእሷን ነገር እኔ ልንገራችሁ። በዚያ አገር ንጉሡ አንበሳ ነው። አንበሳ ጤፍ አይበላም፤ ንጉሥ ነውና ግን የጤፍ ግብር ይገባለታል። ጤፉን ከወንዝ ማዶ በገደል አፋፍ ተሸክመው የሚያመጡት አህዮች ናቸው። መንገዱን ጠንቅቆ ያውቃል ተብሎ ዘበኛ የተሾመላቸው ደግሞ ጅብ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት አህዮች በመንገድ ቀሩ። አንዷ በቀረች ቁጥር ጅብ ስልቻዋን በሌሎቹ ጀርባ ላይ ደርቦ ይመጣና «ጃንሆይ፣ ገደል ገባች» ይላል። ንጉሡም «ጤፉስ?» ብሎ ይጠይቃል። «ሙሉ ነው» ይባላል፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል።

በመጪው ሰኞ ተራው የአህያዋ ልጅ፣ የውርንጭላው ነበር። እናቱ ጭድ አልዋጥላት ብሏል። እንዳትከስ በዚያ አገር ሹምን ያለ ምስክር የከሰሰ ይገረፋል። በዘፈን የተነገረ ብቻ አያስቀጣም፤ ይህ ከጥንት የመጣ ልማድ ነው።

ጉሬዛ በመጀመሪያው ቀን «ስለራሳችሁ ሁለት ሁለት ስንኝ ይዛችሁ ኑ፤ የሌላ አልቀበልም። እሑድ ንጉሡ ፊት ትዘፍኑታላችሁ» አለ።

በማግስቱ አህያዋ ተነሥታ «ንጉሣችን ደግ ነው፣ ንጉሣችን ጀግና...» ብላ ጀመረች።

«ተይው» አላት ጉሬዛ። «ይህን ንጉሡ ራሱ ያውቀዋል። አንቺ የምታውቂው ምንድን ነው?»

«እኔማ ጭነት ነው የማውቀው፣ የኔታ።»

«እሱን ግጠሚ።»

«ጭነት ይዘፈናል እንዴ?»

«የከበደሽ ነገር ሁሉ ይዘፈናል።»

አህያዋ ወደ ቅርንጫፉ ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ዘፈን ሊያስጥል ነው?»

«እሱን አላውቅም» አለ ጉሬዛ። «እኔ የማስተምረው ግጥም ነው።»

ቀጥሎ ጅብ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠራርጎ እንዲህ አለ፦

«ሥጋ፣ ሥጋ፣ ሥጋ፣
ሲመሽም ሲነጋ!»

ጉሬዛ ራሱን ነቀነቀ። «ቤት ይመታል። ከልብህ እንደወጣም ያስታውቃል። ግን አላለቀም፤ የማን ሥጋ እንደሆነ ጨምርበትና እሑድ ንጉሡ ፊት ትዘፍነዋለህ።»

ጅብ ምራቁን ውጦ ተቀመጠ። ትምህርቱ እንዳበቃ ቀበሮ ጉድጓድ ደጃፍ ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ እባክሽ ግጥም ግጠሚልኝ። ደግ የሚያስመስለኝ ይሁን።»

«በምን?»

«አንድ ታፋ አለኝ።»

ጅብ የተረፈ ሥጋ ኖሮት አያውቅም፤ ሦስት አህያ በአንድ ወር ግን ለጅብም ይበዛል። ቀበሮ ብልህ ናትና የምን ታፋ እንደሆነ አልጠየቀችም። ገጠመችለት። ጅብ ግን እስከ ቅዳሜ ማታ አንዱን ስንኝ ሲይዝ ሌላው ይጠፋበት ነበር።

«በቃ ተወው» አለች ቀበሮ ሰልችቷት። «እኔ ከኋላህ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኜ እየነገርኩህ አንተ እየተቀበልክ ትዘፍናለህ።»

«የምትይውን ሁሉ?»

«አንድ ቃል እንዳትዘል።»

እሑድ አራዊቱ ሁሉ ተሰበሰቡ። አንበሳ ከፍ ካለ ቋጥኝ ላይ ተቀመጠ። አህያዋ መጀመሪያ ተጠራች። ወደ ፊት ወጣች። ድምፅዋም ያው የአህያ ድምፅ ነው፤ ከኋላ ያሉት ጆሯቸውን ያዙ። ዘፈነች፦

«ጤፉ ደህና ገባ አንድ ቁና ሳይጎድል፣
አህያ ብቻ ነው የሚበላው ገደል?

ልጄ ሰኞ ሊሄድ ጀርባው ሳይጠነክር፣
ከጤፉ ጋር ልጄን ማን አለ የሚቆጥር?»

ጆሯቸውን የያዙት ሁሉ ለቀቁ። አንበሳ ዓይኑን ወደ ጅብ አዞረ። ስልቻ ከገደል ተርፎ አህያ የምትቀርበትን ምክንያት አስቦበት አያውቅም ነበር። አሁን ሲያስበው አልዋጥልህ አለው።

«ዘበኛው መልስ አለው?» አለ።

ጅብ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ከቁጥቋጦው የሚመጣውን እየተቀበለ አዜመ፦

«እኔ አያ ጅቦ የአህያ ዘበኛ፣
ሲጠፉ አልቅሼ ሌሊት የማልተኛ!»

ሌሊት አለመተኛቱ እንኳ እውነት ነው። አራዊቱ እርስ በርስ ተያዩ፤ ጥቂቶቹም ሳያምኑት አልቀሩም። በዚህ መሀል ቀበሮ በቅጠሉ ቀዳዳ ስትመለከት የጅብን ጺም አየችና ደነገጠች።

«አፍህን ጥረግ፣ የአህያ ጠጉር አለበት!» አለች በሹክሹክታ።

ጅብ በዚያው ዜማ «አፍህን ጥረግ፣ የአህያ ጠጉር አለበት!» ብሎ ዘፈነ።

«ዝም በል አንተ ጅል፣ ልታስፈጀን ነው!»

«ዝም በል አንተ ጅል፣ ልታስፈጀን ነው!» አለ ጅብ፤ ይህኛውን እንዲያውም አሳምሮ አዞረው።

«ታፋውን መብላቴን ሊያውቁ ነው!» አለች ቀበሮ ራሷን ይዛ፤ ጅብም አንድ ቃል ሳይዘል ደገመው።

ከዚያ በኋላ ቁጥቋጦው ጸጥ አለ። ቀበሮ በሌላኛው በኩል ወጥታ እየሮጠች ነበር። ጅብ የሚቀበለው ሲያጣ አፉን ከፍቶ ቀረ። በጺሙ ላይ ያለው ግራጫ ጠጉር ለሁሉም ታየ።

አንበሳ ከቋጥኙ ወረደ። «ከሰኞ ጀምሮ ጤፉን የምትሸከመው አንተ ነህ» አለው።

«ጃንሆይ፣ ገደሉስ?»

«ገደሉ አህያ እንጂ ጅብ አይበላም አሉ።»

ከዚያ ንጉሡ ወደ ጉሬዛ ዞረ። «አህያዋ ይህን በእኔ ፊት እንድትል ያስተማርካት አንተ ነህ?»

«አይደለሁም ጃንሆይ። እኔ ምን እንደምታውቅ ብቻ ነው የጠየቅኋት።»

አንበሳ ከዚህ በላይ አልጠየቀም። እሱ ያን ጊዜ አፍሮ ነበር፤ ንጉሥ ሲያፍር ደግሞ ቶሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሁሉም ሲበተን ጉሬዛ አህያዋን ጠራት። ልጇ ከጎኗ ሣር ይነጭ ነበር።

«ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፅሽ ተንቀጠቀጠ» አላት።

«ፈርቼ ነበር፣ የኔታ።»

«ታዲያ እንዴት ጨረስሽው?»

አህያዋ ልጇን አየችው። «ሰኞን ይበልጥ ፈርቼ ነበር» አለች።

ከዚህ የምንማረው፣ የራሱን ጭንቀት በራሱ ቃል የዘፈነ ድምፁ ቢንቀጠቀጥም ሰሚ እንደሚያገኝ፣ የሌላ ግጥም ተውሶ የቆመ ግን ሊደብቀው የመጣውን ነገር ራሱ ዘፍኖ እንደሚያወጣው ነው።