አምስተኛው መንደር ሲመርጥ

በአንድ አገር አምስት መንደሮች ነበሩ። ሹም የሚሆነውን ሰው መንደሮቹ በየሳምንቱ አንድ አንድ እየሆኑ በተራ ይመርጡ ነበር። የመጀመሪያው መንደር ሲመርጥ ዕጩዎቹ አምስት ነበሩ። በየመንደሩ ድምፅ ያጣው እያኮረፈ ወደ ቤቱ ስለገባ፣ ተራው አምስተኛው መንደር ሲደርስ ፊታውራሪ አጥናፍሰገድ ብቻቸውን ቀሩ።

ያም ሆኖ ጸሐፊያቸውን አስከትለው መጡ። ጸሐፊውም ሰዉን አሰልፎ "ከዕጩዎቹ ማንን መረጥህ?" እያለ አንድ በአንድ ይጠይቅ ጀመር። አንዲት ሸክላ ሠሪ ጋ ሲደርስ ሴትዮዋ አገጯን ይዛ ፊታውራሪን ከላይ እስከ ታች ታይ ጀመር። አንድ ዕጩ ብቻ ቀርቶ እንዲህ ስትሰለፍ ይህ ሦስተኛ ሹሟ ስለሆነ ተማርራለች።

"ምን ይዞሽ ነው?" አሏት ፊታውራሪ።

"እያማረጥኩ ነው፣ ጌታዬ።"

"ከማን ከማን?"

"ከእርስዎና ከእርስዎ።"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ፊታውራሪ ደማቸው ፈላ። "ተራው ትክክል ነው ወይስ አይደለም? በሕዝብ ፊት ተናገሪ!" አሏት። አይደለም ብትል መታሰሯ ነው፤ ነው ብትል ደግሞ መንደሯን ማዋረዷ ነው።

ሸክላ ሠሪዋ እጅ ነሳች።

"ተራውስ ትክክል ነው፣ ጌታዬ። እንዲያውም ለሁሉም ነገር ይሁንልን። ሁላችንም በነጻ የምናርስልዎትን የእርስዎን ሁዳድ ማረሱም ከመጀመሪያው መንደር ይጀመር። እኛ ጋ ሲደርስ መሬቱ ታርሶ አልቆ ይቆየናል። ያኔ እኛም በሬዎቻችንን ይዘን እንሰለፍና፣ ጸሐፊዎ 'ከማሳዎቹ የትኛውን ታርሳለህ?' እያለ አንድ በአንድ ይጠይቀናል።"