ጤነኛውን ዲስክ የነቀለው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ እንጀራው ሰርቨር መጠበቅ ነበር። ቁጭ በል እንጂ ይርጋ! በር ላይ ቆሞ ጠይቆ መሄድ የለም። «መምህር፣ ሰው ያጠፋውን ነገር ለማንም ሳይናገር በጓዳ ቢያስተካክለው ምን ይጎድላል?» አልከኝ አይደል? ሁለት ዓመት ሙሉ አስተምሬህ፣ ጤና ጣቢያ ኮምፒውተር ክፍል ከተቀጠርክ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ሳትደውልልኝ፣ ዛሬ በምሳ ሰዓት እያለከለክ መጥተህ የጠየቅኸኝ ይሄን ነው። ማን አጠፋ፣ ምን አጠፋ ብዬ አልመረምርህም። እኔ ሴትዮ የማውቀው የማሽን ነገር ነው፤ በማሽን እመልስልሃለሁ። ጆሮህን ስጠኝ ብቻ።

ሰውየው የሚሠራው በአንዲት ትንሽ ከተማ ሬዲዮ ጣቢያ ነበር። በጣቢያው ውስጥ የሠላሳ ዓመት ድምፅ አለ፤ ሽማግሌዎች የተረኩት ታሪክ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የአልቃሾች ግጥም፣ «በቅሎዬ ጠፍታብኛለች፣ ያያችሁ ወዲህ በሉኝ» የሚል ማስታወቂያ ሳይቀር። ካሴቶቹ ጣሪያው አፍስሶባቸው ስለሻገቱ፣ ድምፁ ወደ ሰርቨሩ ከተገለበጠ በኋላ ተጣሉ። ሌላ ቅጂስ የለም ወይ? በለኝ እንጂ፣ አስተማሪህ አይደለሁ! ለቅጂው የሚሆን ዕቃ ለመግዛት ጨረታ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ተሰርዟል። ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው፣ በሕይወት ያለውም የሞተውም፣ የሚኖረው አንድ የብረት ሣጥን ውስጥ ነበር።

በሣጥኑ ውስጥ አምስት ዲስኮች ጎን ለጎን ተሰክተዋል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ ነው፤ ያ ኮዱ ለሁሉም የተከፈተው፣ ማንም በነፃ አውርዶ የሚጭነው። አምስቱን ዲስኮች አስተሳስሮ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ የሚያስተዳድራቸው ግን አንድ ካርድ ነው። አሁን ልብ በል፤ ይሄን ሳስተምር ሃያ ዓመቴ ነው፣ ዛሬም ስናገረው ደስ ይለኛል! ከአምስቱ አንዱ ቢሞት ምንም አይጠፋም። ካርዱ አራቱ የያዙትን ደምሮ፣ ቀንሶ፣ የሟቹን ድርሻ ከነነጥቡ ያወጣዋል። ማንም ሳያውቅ፣ ሥራ ሳይቆም! በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ውብ ነገር ጥቂት ነው ያየሁት። ሁለት ከጎደሉ ግን ሒሳቡ አይሠራም። አበቃ።

ሰውየው ለቦታው አዲስ ነው። የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ ባለቤቱ ደግሞ ወሯ ገብቷል፤ ዛሬ ነገ ትወልዳለች ይባላል። ሰነፍ እንዳይመስልህ፤ እንዲያውም ሲበዛ ትጉህ ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ሣጥኑ ጲጥ፣ ጲጥ ማለት ጀመረ። ሰውየው ትእዛዝ ጽፎ ካርዱን ምን ሆንክ አለው። «ዲስክ ቁጥር ሁለት ሞቷል» ሲል ካርዱ መለሰ። ሰውየው አልደነገጠም፤ ደስ አለው እንጂ! ትርፍ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ በትምህርት ቤት የሰማውን በገዛ እጁ ሊሠራ ነው። ሰኞ በጠዋት እቀይረዋለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ቅዳሜና እሑድ ጣቢያው በቀሩት አራት ዲስኮች ሥራውን ቀጠለ፤ አዳዲስ ድምፅም ተቀረፀ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ እጅጌውን ሰብስቦ ሣጥኑ ፊት ቆመ። ከግራ ጀምሮ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት። ሁለተኛውን ሳብ አድርጎ አወጣው።

ወይ ጉድ! ካርዱ እኮ ከዜሮ ነው የሚቆጥረው፤ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት። የሞተው ከግራ ሦስተኛው ነበር። እሱ የነቀለው ጤነኛውን ነው። ከመንቀልህ በፊት «የሞተውን ዲስክ መብራት ብልጭ አድርግልኝና ልየው» ብለህ ካርዱን ማዘዝ አንድ መስመር ነው፤ አንድ መስመር! እናንተ ላይስ ስንቴ ለፈለፍኩባችሁ?

ወዲያው ከስቱዲዮ «ድምፅ ጠፋ! ኧረ ድምፅ ጠፋ!» የሚል ጩኸት መጣ። ሰውየው ክው አለ፤ ያኔ ነው የገባው። በድንጋጤ ማሽኑን አጥፍቶ አበራው፤ የነቀለውንም መልሶ ሰካው። ካርዱ ግን አንዴ ያጣውን ዲስክ ዝም ብሎ አይቀበልም። «ይህ ባዕድ ነው፤ ልቀበለው ወይስ ልደምስሰው?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ምን እንደሚመልስ አላወቀም፤ እንደገና አወጣው። ከዚያ የሞተውንም አወጣውና ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አጋደማቸው። ባንድ ቀን የተገዙ፣ ቀለማቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ። ካርዱ የሚጽፈው መዝገብስ እንዳትለኝ፤ ካርዱ አሮጌ ነው፣ ባትሪው አልቋል፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ የትናንቱን ሁሉ ረስቷል። የትኛው ዲስክ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ አንዲት የሰርቨር ባለሙያ አስጠርቶ ይዟት መጣ። የጣቢያው ጋዜጠኛም ተከትላቸው ገባች። ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ነው፤ ሁለቱን ዲስኮች ጠረጴዛ ላይ አይቶ ለሰውየው አዘነ።

«አይዞህ፤ ሁለት ባንዴ ሞቱብህ አይደል?» አለው። «ባንድ ቀን የተገዛ ዕቃ ባንድ ቀን ይሞታል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

አስበው እስቲ ይርጋ! ውሸቱን ሌላ ሰው አብስሎ፣ ጠቅልሎ፣ አፉ ውስጥ አጉርሶታል። መዋጥ ብቻ ነው የቀረው። ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው፣ ሚስቱ ልትወልድ ነው፣ ማንም ደግሞ አላየውም። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «አዎ» አለ።

ባለሙያዋ አዘነች። «ሁለቱም በራሳቸው ከሞቱ እንግዲህ እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለች። «የነበረው አይመለስም። ቢያንስ የስድስት ሰዓቱ ዜና እንዳይታጎል በአዲስ ዲስክ ከባዶ ልጀምርላችሁ።» ወንበር ስባ ተቀመጠችና ትእዛዙን ጻፈች። ማሽኑም «የቀሩትም ዲስኮች አብረው ይደመሰሳሉ፤ ልቀጥል?» ብሎ ጠየቃት።

ጋዜጠኛዋ በሩ ላይ ተደግፋ ነበር። «የአባቴ ድምፅ እኮ ሌላ የትም የለም» አለች፤ ለማንም አልነበረም የተናገረችው።

የባለሙያዋ ጣት ወደ ፊደሉ ወረደ።

«ቆዪ! እጅሽን አንሺ!» ብሎ ጮኸ ሰውየው። «አንዱ አልሞተም። ዋሽቻለሁ። ጤነኛውን የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በዚህ እጄ!»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ጠቆረ። ባለሙያዋ ግን፣ ኧረ እሷማ ከወንበሯ ዘለለች!

«የትኛው ነው?»

«ይሄኛው» ብሎ አንዱን ከጠረጴዛው አነሳ።

«ከየትኛው ቦታ?»

«ከግራ ሁለተኛው።»

«ያኛውስ?»

«እሱ ዓርብ የሞተው ነው።»

«አንተ ሰውዬ! እስካሁን የት ነበርክ?» ብላ ዲስኩን ከእጁ መነጨቀችው። እየተቆጣች ትስቃለች፣ እየሳቀች ትቆጣለች።

ለምን እንደዘለለች አንተ አታጣውም። ዛሬ የተነቀለው ዲስክ እስከ ዛሬ ጠዋት ያለውን ሁሉ ይዟል። ዓርብ የሞተው ግን የሦስት ቀን ነገር አያውቅም። ተሳስታ ያንን አስነስታ ብትመልሰው የዓርቡ ከሰኞው ጋር ተደባልቆ ያለው ሁሉ ይበላሽ ነበር። በመገመት የሚገባበት ነገር አይደለም። ሴትዮዋ ሙያዋ አንደኛ ነው፣ ግን ሙያ ብቻውን ምን ያደርግላታል? የጎደላት ያ ሰውዬ አፉ ውስጥ የያዘው ነበር።

ጤነኛውን በገዛ ቦታው መለሰችው። ካርዱ «ባዕድ ነው» ሲላት «ባዕድ አይደለም፣ የቤቱ ልጅ ነው፤ ተቀበለው» የሚል ትእዛዝ ጻፈችለት። አንድ አረንጓዴ መብራት! ሁለት! ሦስት! አራት! ሊኑክስ ተነሳ። ጋዜጠኛዋ ሮጣ የአባቷን ድምፅ ከፈተች፤ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «እንግዲህ ልጆች» ብለው ጀመሩ። እልልታዋ እስከ ገበያው ተሰማ ነው የሚሉት፤ እኔስ አምናለሁ!

ከዚያ አዲሱ ዲስክ በሟቹ ቦታ ገባ፤ ካርዱም የሟቹን ድርሻ ከአራቱ እያሰላ ይጽፍለት ጀመር። አሥር በመቶ፣ ሃያ፣ አርባ! ይሄኛው ሰዓት አደገኛ ነው፤ ከአራቱ አንዱ ቢደክም ሁሉም ነገር እንደገና ያልቃል። ምሳ የወጣ ሰው የለም። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ኩርፊያውን ረስቶ በየሩብ ሰዓቱ «ስንት ደረሰ? ስንት ደረሰ?» ይላል፤ የዋንጫ ኳስ ውጤት የሚከታተል ነው የሚመስለው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መቶ ሞላ። እሰይ!

አሁን ሸለሙት እንድልህ ትጠብቃለህ። የለም። በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠው፤ ለዲስኩ ሳይሆን ለዚያች «አዎ» ነው። ሥራ አስኪያጁም ሳምንት ሙሉ ሰላም አላለውም። በኋላ ቅጥሩ ጸደቀለት፤ ያን ጠዋት አፉን ሲከፍት ግን እንደሚባረር እርግጠኛ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ከፈተው።

እንግዲህ ይርጋ፣ ወዳንተ ዞርኩ። «ምን ይጎድላል?» ብለኸኛል። ያጠፋ ሰው የያዘው ጥፋቱን ብቻ አይደለም፤ ማስተካከያውንም ይዟል። ምኑን እንደነካ፣ መቼ እንደነካ የሚያውቀው እሱ ነዋ! ዝም ሲል ሁለቱንም አብሮ ይቀብራቸዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ሐኪሙ ስለሚጠላው አይደለም፤ የት ጋ እንዳመመው ስለማያውቅ ነው። አንተም ያ ሰው ነህ ልጄ፤ ሁለቱ ዲስኮች ጠረጴዛህ ላይ ናቸው፣ የሚለያቸው ደግሞ ካንተ በቀር የለም።

ምን አልክ? ቀስ በል፣ አልሰማሁህም። የክትባት ማቀዝቀዣውን? ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን ልትሰካበት ብለህ ሶኬቱን ነቀልክና ረሳኸው? በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሲስተሯ ከመምጣቷ በፊት መልሰህ ሰካኸው፤ ማቀዝቀዣው ቀዘቀዘ፣ ማንም አላወቀ። ወይ ልጄ! ክትባቱስ? ነገ ጠዋት ለሕፃናት ሊሰጥ ነው?

አታልቅስ። መቆጣቱን እቆጣሃለሁ፣ ዛሬ ግን ጊዜ የለንም። በስንት ሰዓት እንደሚበላሽ እኔም አላውቅ፣ አንተም አታውቅ፤ የጤና ባለሙያዎቹ ያውቃሉ። ስንት ሰዓት ጠፍቶ እንደቆየ ግን አያውቁም፤ እሱን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ስልክህን አውጣ። «ሲስተር፣ ያንን ክትባት ነገ እንዳይሰጡ፤ ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ ከማክሰኞ አሥር ሰዓት እስከ ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ጠፍቶ ነበር» በላቸው። ሰዓቱን እንዳታሳንስ። እኔ እዚሁ አጠገብህ ነኝ። ደውል።