አውርጂኝ የተባለው አቀበት

ከቆላው ተነስቶ ወደ ሰንበሌጥ ሜዳ ገበያ የሚያወጣው አቀበት ጫፉ ላይ ሲደርስ፣ መንገደኛ ሁሉ ትንፋሹን የሚሰበስብባት አንዲት ጠባብ ደልዳላ ስፍራ አለች፤ ስሟም አውርጂኝ ይባላል። እዚያ ቦታ ላይ ወገብ የማይደርሱ ሁለት ድንጋዮች ፊት ለፊት ተተክለው ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አንድ ሸክም እንጨት ያስገባል፣ ከዚያ በላይ አያስገባም። እንግዳ ሰው ስሙን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም፤ አገር ሁሉ በጻድቅ፣ በጀግና ወይም በዛፍ ስም ሲጠራ ይህ ቦታ እንዴት በልመና ቃል ተጠራ ይላል። ይሳቅ፣ ግድ የለም። ሽማግሌዎቹም ታሪኩን ሲጀምሩ ይስቃሉ፤ ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ነው ድምፃቸው ዝቅ የሚለው።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን እህል ቁና ነበረው፣ ቅቤ ቅል ነበረው፣ ጨውም በአሞሌ ይቆጠር ነበር፤ እንጨት ግን መስፈሪያ አልነበረውም። ሸክም ማለት ተሸካሚዋ አዝላ የመጣችው ሁሉ ነው። ገዢ «ትንሽ ነው» ባለ ቁጥር የቆላ ሴቶች በሚቀጥለው ገበያ ሁለት ሦስት ፍልጥ ይጨምራሉ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሸክሙ ከተሸካሚዋ በልጦ፣ ከሩቅ ሲያዩት እንጨቱ በራሱ እግር አቀበቱን የሚወጣ ይመስል ነበር ይባላል። የእንጨት መስፈሪያው የሴት ወገብ ነበር ማለት ነው።

እንጨት መግዛት የሚያውቅ ሰው ከተባለ ደግሞ ወይዘሮ አስካለን የሚቀድም አልነበረም። ወይዘሮ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሁለት ልጆች በቁጠባ ያሳደጉ፣ የቤታቸው ጭስ ከማንም ቤት ጭስ የቀጠነ ሴት ነበሩ። የወይራ እሳት እንደሚቆይ፣ ክትክታ ለወጥ እንደሚስማማ፣ ጥድ እየተንጣጣ ልብስ እንደሚያቃጥል ያውቃሉ። ሁለት ፍልጥ መዘው እርስ በርስ ያጋጩና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደረቅ ነው፣ ድፍን ካለ እርጥብ ነው። ደረቁን ከውጭ፣ እርጥቡን ከመሀል አድርጋ ያሰረችዋን ሴት ገና ከሩቅ በአረማመዷ ይለዩዋት ነበር፤ እርጥብ እንጨት ይከብዳልና። እስከዚህ ድረስ ዕውቀት ነው፣ የሚያስመሰግን ነው።

ሌላው ብልሃታቸው ግን ማቆም ነበር። እንጨት ሻጯን ሸክሟን እንዳዘለች ያስቆሟትና ሰላምታ ይጀምራሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ቆላው ወባ ይጠይቃሉ፤ ሸክሙን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እየዞሩ ያዩታል፤ «ቆይ እስቲ፣ አትቸኩይ» ይላሉ። ሴትዮዋ እንዳታወርደው፣ ዋጋው ሳይስማማ ቢቀር ማን መልሶ ያሸክማታል? እናም ቆማ ትጠብቃለች። «እንጨት ሲመጣ ውድ ነው፤ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ ይረክሳል» ብለው ምራታቸውን ድንቅነሽን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ድንቅነሽ አማቷን ትወድም ትፈራም ስለነበር ምክራቸውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ያዘችው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሏል እንዲህ ነው። ሆኖም ወይዘሮ አስካለን ክፉ ናቸው የሚል አልነበረም፤ ለታመመ ቀድመው የሚደርሱ፣ ለሐዘንተኛ ቀድመው የሚያለቅሱ ሰው ነበሩ። ጀርባ ላይ ያለ እንጨት እንዴት እንደሚከብድ ብቻ አያውቁም፤ ተሸክመው አያውቁማ።

በአንድ ክረምት፣ ልጃቸው የሻረግ የበኩር ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታ ሳለ፣ ዝናቡ ስምንት ቀን ሙሉ ሳያባራ ቆየ። ገበያው ሳይቆም ቀረ፤ ከቆላ የሚመጣም ሰው ጠፋ። የሻረግን ምጥ የያዛት ጎህ ሲቀድ ነበር። በቤት የቀረው ሦስት እርጥብ ግንድ ነው፤ እሱም ቤቱን በጭስ ሞላው እንጂ ውሃ ሊያሞቅ አልቻለም። አዋላጇ ዐይኗን እየጠረገች፣ «አስካለ፣ ይቺን ልጅ የያዛት ምጡ ነው ወይስ ጭሱ? ገላዋ በርዷል። ደረቅ እንጨት አምጪ፣ አለዚያ ሁለቱንም እናጣለን» አለቻቸው።

ወይዘሮ አስካለ ድንቅነሽን «አንቺ በገበያው በኩል ፈልጊ» ብለው እሳቸው ነጠላቸውን ተከናንበው ቁልቁለቱን ወረዱ። መንገዱ እኩሌታ ላይ እንጉዳይ የምትባል የቆላ እንጨት ሻጭ፣ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት፣ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ተቀምጣ አገኟት። በፀሐይም በዝናብም ስንቴ ያቆሟት ሴት ናት። ሸክሟ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ የመጣ ደረቅ ወይራ ነበር።

«እንጉዳይ፣ የጠየቅሽውን እሰጥሻለሁ» አሉ። «ልጄ ምጥ ላይ ናት።»

«ምጥ ካሉማ ምን ዋጋ አለው፣ እሜቴ» አለች እንጉዳይ። «ይውሰዱት። ግን ማን ይሸከመዋል? እኔ እንደሆንኩ እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል።»

«እኔ።»

እንጉዳይ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ሳቋ መጥቶ ነበር ይባላል፣ ግን ዋጠችው። ጠፍሩን በደረታቸው ላይ አጥብቃ አሰረችና «መንገድ ላይ እንዳይቀመጡ፤ ከተቀመጡ አይነሱም» አለቻቸው።

የመጀመሪያው ሃያ ርምጃ ቀላል መሰላቸው። ከዚያ በኋላ ጠፍሩ በዝናብ እየራሰ ጠበቀ፣ አንገታቸው ቀና አልል አለ፣ ነጠላቸው ፊታቸው ላይ ተጣበቀ። የሚያዩት የገዛ እግራቸውንና ጭቃውን ብቻ ነው። ሰላም የሚላቸው ሰው ቢመጣ እንኳ የሚመልሱበት ትንፋሽ አልነበራቸውም። ፈሩ። ልጄን ሳላይ እዚሁ ድፍት ብዬ እቀራለሁ ብለው እንደ ሕፃን ፈሩ።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ድንቅነሽ ገበያው ላይ ሰው አጥታ ባዶ እጇን ስትመለስ ነበር። ጎንበስ ብላ የምትመጣ እንጨት ሻጭ ስታይ ሮጣ መንገዱን ዘጋች።

«እህቴ፣ እግዜር ነው የላከሽ! ስንት ነው?»

ወይዘሮ አስካለ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። ድንቅነሽ ዝምታውን እንደ ማስወደድ ቆጠረችው።

«ኧረ አትኩሪብኝ፤ ቤት ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት አለችን። በኔ ቢሆን የፈለግሽውን በሰጠሁሽ፤ ግን በውድ ገዛሁ ካልኩ አማቴ ይቆጡኛል» አለች፤ ይህን ስትል ልቅሶ ልቅሶ ይላት ነበር። እጇ ግን የተማረውን ሥራ ጀመረ። ሸክሙን በቀኝ ዞረችው፣ በግራ ዞረችው። ሁለት ፍልጥ መዛ አጋጨች፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። ወዲያው ከመንደሩ በኩል የሻረግ ጩኸት ተሰማ። እናቷ አንድ ርምጃ ወደፊት ቢሉ ድንቅነሽ ሸክሙን በእጇ ይዛ መለሰቻቸው።

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩይ» አለች።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ አባቶች፤ ቁናው እንዲህ ቶሎ፣ ያውም በገዛ ምራት እጅ ይመጣል ብሎ ግን ማን ያስባል። የወይዘሮ አስካለ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድንቅነሽ የምትጠብቀው ምልክት እሱ ስለነበር ወዲያው አየችው፤ «በይ እንግዲህ ግማሽ ቁና እህል» አለች። ያን ጊዜ ከነጠላው ሥር የተቆራረጠ ድምፅ ወጣ።

«አውርጂኝ።»

ድንቅነሽ ድምፁን አወቀችው። ነጠላውን ገልጣ የአማቷን ፊት ስታይ እሪ አለች። ጠፍሩን ልትፈታ ብትል በዝናቡ ጠብቆ አልፈታ አላት፤ ተንበርክካ በጥርሷ ፈታችውና ሸክሙ ጭቃው ላይ ወደቀ።

«እማማ፣ ይማሩኝ፣ አላወቅሁዎትም!»

«አንቺ ምን አጠፋሽ» አሉ ወይዘሮ አስካለ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ያስተማርኩሽን ነው የሠራሽው።»

እንጨቱን ለሁለት ተካፍለው ወደ ቤት ሮጡ። ወይራው ያለ ጭስ ነደደ፣ ውሃው ሞቀ፣ ከቀትር በፊት የሻረግ ተገላገለች። የተወለደው ወንድ ነው የሚሉ አሉ፣ ሴት ናት የሚሉም አሉ፤ እናትም ልጅም በሕይወት መትረፋቸው ላይ ግን ሁሉም ይስማማሉ። ወይዘሮ አስካለ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው የወይራውን እሳት ሲያዩ ዋሉ። ጎረቤት ከደስታ ነው አለ። እሳቸው ግን እስከዚያ ቀን ያቆሟቸውን ሴቶች ፊት ሊያስታውሱ ይሞክሩ ነበር፤ አንዱም አልመጣላቸውም፤ ሁልጊዜ ያዩ የነበረው እንጨቱን ነበርና።

እንጉዳይን በበቅሎ አስመጥተው፣ ወጌሻ አስጠርተው እግሯን አሳሹላት። ስትድን፣ «ሳይጎዳሽ የምትሸከሚው ምን ያህል ነው?» ብለው ጠየቋት። ይህን ከዚያ በፊት እንጉዳይን ማንም ጠይቋት አያውቅም ይባላል። አቀበቱ ጫፍ ላይ እንጨት ደርድራ አሳየቻቸው፤ ከለመደችው እኩሌታ ጥቂት ከፍ ቢል ነው። ወይዘሮ አስካለ በድርድሩ ግራና ቀኝ ሁለት ድንጋይ አስተከሉና፣ ሸክም ማለት ይህ ነው፣ ሳይወርድም ዋጋ አይነሳ አሉ። ያኮረፈ ገዢ ብዙ ነበር፤ በእንጨት ዕውቀት አስካለን የሚከራከር ግን አልተገኘም። በሚቀጥለው ገበያ እዚያው ቆመው የመጀመሪያዋን ሴት ሸክም በገዛ እጃቸው አወረዱና አንድ ቃል አሏት። የሰሙት ሁሉ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

ዛሬ ከሰሉም ጋዙም ገብቷል፣ እንጨቱም በጋሪ ይመጣል፤ አቀበቱን በጀርባቸው ተሸክመው የሚወጡት ጥቂት ናቸው። ቢሆንም አውርጂኝ ላይ ሸክም ያዘለችን ሴት «ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ መልስ አያገኝም፤ ዝም ብላ ትቆማለች። ያላወቀው ሰው ዙሪያውን ያያል፣ ያፍራል፣ እጁን ይዘረጋል። ሸክሙ በድንጋዮቹ መካከል አርፎ ሴትዮዋ ወገቧን ስታቀና፣ ገዢው ከዋጋም ከሰላምታም በፊት፣ ወይዘሮ አስካለ ያን ጊዜ ያሉትን፣ በሌላ አገር ለወለደች ሴት ብቻ የሚባለውን ቃል ይላታል፤

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»