ድመቷን ያስጾመችው ወይዘሮ

አንዲት በጾመኛነቷ አገር ያወቃት ወይዘሮ ነበረች፤ ስሟ ዘነበወርቅ ይባላል። ጾም የማይጾም ክርስቲያን የለም፤ እሷ ግን ሰው የረሳውን ጾም ሁሉ ፈልጋ የምትጾም፣ ጾማም ዝም የማትል ሴት ነበረች። ከንፈሯ ደርቆ ያያት ሰው ለምን እንደደረቀ ሳይሰማ አያልፍም።

ባሏ ሞቷል። አንድ ወንድ ልጇ ለሥራ ቆላ ወርዷል። እሱ ሲሄድ ሚስቱን እናኑን ከነጨቅላ ሴት ልጇ እናቱ ቤት ትቷቸው ነበር። እናላችሁ በዚያ ቤት አማት፣ ምራት፣ ሕፃንና አንዲት ድመት ይኖሩ ነበር።

ድመቷ ውሮ ትባላለች፤ ግራጫ ሆና ደረቷ ነጭ። ድመት ያሳደገ ያውቀዋል፣ ደስታዋና ንዴቷ እኩል ነው። የታጠበ ነጠላ ካለ እሱ ላይ ነው የምትተኛው። ፈትል ካየች ትተበትበዋለች። ጠዋት ጠዋት የገደለችውን አይጥ አምጥታ ከአልጋው ሥር፣ ልክ እግር በሚያርፍበት ቦታ ታስቀምጥና አመስግኑኝ በሚል ዓይን ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። በባዶ እግሯ የረገጠችው ዕለት ዘነበወርቅ ያልጠራችው ቅዱስ አልነበረም። ቢሆንም ውሮ ቁርጥማት የያዘው ጉልበቷ ላይ ወጥታ፣ ተጠቅልላ፣ እንደ ሩቅ ወፍጮ ስታንጎራጉር ሕመሙ ልቅቅ ያደርጋታል። ልጇ ከሄደ ወዲህ በፍቅር የሚነካት ፍጡር ቢኖር ይቺ ድመት ነበረች። ዘነበወርቅ ግን ይህን አፍ አውጥታ አትናገርም። «አይጥ እንድትይዝልኝ ነው» ትላለች።

ዐቢይ ጾም ገባ። የቅበላ ማግስት ዘነበወርቅ የውሮን የወተት ጣሳ አጥባ ደፋችው።

«ከእንግዲህ እስከ ፋሲካ በዚህ ቤት የሚፈስክ ነፍስ የለም» አለች።

እናኑ ድመቷን እያየች ሳቀች። «እሷም?»

«እሷም!» አለች ዘነበወርቅ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለውሮ በሽሮ የራሰ እንጀራ ይቀርብላት ጀመር። ታሸትተውና ያቀረበላትን ሰው ቀና ብላ ታያለች፤ ተሳስታችሁ ይሆናል እንደማለት። አንድ ቀን አይጥ ይዛ ስትገባ ዘነበወርቅ የከሰል መቆንጠጫውን አንሥታ ከአፏ ነጠቀቻትና ወደ ደጅ ወረወረችው። «አይጥስ ሥጋ አይደለም ወይ?» አለች። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። «የዘነበወርቅ ድመት እንኳ ጾመኛ ናት አሉ!» ይላሉ ሴቶቹ፤ ገሚሱ በመደነቅ፣ ገሚሱ በማሾፍ። ዘነበወርቅ የሰማችው የሚደነቁትን ብቻ ነው።

የጾሙ እኩሌታ ላይ የውሮ ሆድ ወጣ፤ አርግዛለች። ከአጥሩ ማዶ እትዬ ዘሃራ የምትባል ሙስሊም ጎረቤት አለች፤ ባሏ ሥጋ ሻጭ ነው። ውሮ ወደዚያ መመላለስ ያዘች።

«እናኑ» አለች ዘሃራ አንድ ቀን ከአጥሩ ላይ፣ «ይቺ ድመታችሁ እኛ ቤት መጥታ የምትጮኸው ጩኸት ልብ ይበላል። ምን አድርጋችኋት ነው?»

«ጾም ይዛ ነው።»

ዘሃራ ሻሿ እስኪወልቅ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ የእናኑን ፊት አየችው። «አንቺስ? አንቺም በጾሙ ነው እንዲህ የጠቆርሽው? የምታጠቢ ልጅ!»

 ዘነበወርቅ ከውስጥ ሆና ሰምታለች። ወጥታ «ዘሃራ፣ እኛ የአንቺን ረመዳን ገብተን አናቦካም፤ አንቺም የኛን ተዪልን» አለቻት።

«እኔ ጋ ረመዳን ሲሆን ድመቷም የምታጠባ ሴትም ትበላለች፣ እትዬ» አለች ዘሃራና ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናኑ እንደ አማቷ ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም ነበር፤ ያውም ሽሮና ጎመን። ሕፃኗ ጡት ይዛ ትጎትታለች፣ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች። ዘነበወርቅ «ጥጋብ ነው የሚያስለቅሳት» ትላለች።

የንስሐ አባቷ መምሬ ይትባረክ ጸበል ሊረጩ መጡ። ዘነበወርቅ ገና ሳይቀመጡ ድመቷን አሳየቻቸው።

«በኔ ቤት እሷም ትጾማለች፣ አባ።»

መምሬ ውሮን አዩዋት። አጥንቷ ወጥቷል፤ ሆዷ ብቻ ተንጠልጥሏል። «ወዳ ነው?» አሉ።

«ድመት ምን ውድ አላት፣ አባ?»

«ካልወደደች ጾመች አይባልማ ልጄ። ተራበች ነው የሚባለው።» ከዚያ ወደ እናኑ ዞሩ። «አንቺን የምታጠቢ ነሽና ጠዋት ቅመሽ ብዬሽ አልነበረም?»

እናኑ መሬት መሬት አየች። ዘነበወርቅ መለሰችላት። «እኔ ሁሉንም ልጆቼን ጾሜ ነው ያጠባሁ፣ አባ። ምን ሆንኩ?»

ምንም አልሆነችም፤ እውነቷን ነው። ከሁሉም ልጆቿ አንዱ ብቻ እንደተረፈላት ግን አላነሣችም። መምሬ ያውቁ ነበር፤ የሞቱትን የቀበሩት እሳቸው ናቸው። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጠብ አይወዱም፣ ጸበላቸውን ረጭተው ሄዱ። ዝም ማለታቸው ጥሩ አልነበረም።

የሆሳዕና ዕለት ዘነበወርቅ የማኅበሯን ሴቶች ጠርታ አበላች። ምስሩ፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ ሁሉም በወግ ቀርቧል። እሷ መሀል ተቀምጣ ድመቷን እንዴት እንዳስለመደቻት ታወራለች። ወሬው ሲሞቅ ውሮ በበሩ ገባች። በአፏ ሥጋ ያልተለየው የበግ አጥንት ይዛለች። ሴቶቹን ሁሉ አልፋ ሄዳ አጥንቱን ዘነበወርቅ እግር ሥር አስቀመጠችና ቁጭ ብላ ቀና ብላ አየቻት።

ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገው አጥንቱን አዩ። ከዚያ አንዷ ከጥግ «እንግዲህ እትዬ ዘነቡ፣ ጾመኛዋ ፈሰከችብሽ!» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ብቻዋን አልበላም ብላ ነው፤ ላንቺም አመጣችልሽ!»

«ቅመሺላት እንጂ፣ ሆዷ እንዳይባባ!»

የደግ ሳቅ ነበር፤ ሲወጡ የሚረሱት። ዘነበወርቅ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። ያቺ ድመት ካላት ነገር የተሻለውን ይዛላት መምጣቷን አላየችም። ያየችው ሳቁን ነው።

ሴቶቹ ሲወጡ ውሮን በማጅራቷ አንጠልጥላ ከጓሮ ወዳለችው የቆርቆሮ ክፍል ወሰደቻት። ክፍሏ የከሰል ማስቀመጫ ናት፤ አይጥ እንኳ የሚገባበት ምክንያት የለም። ውሃና ሽሮ ፍትፍት አስቀመጠችላት። «እስከ ፋሲካ እዚሁ ሁኚ። ያን ጊዜ ከኔ ጋር ትፈቺያለሽ» አለችና በሩን ቆለፈች።

ሰሞነ ሕማማት ሙሉ ውሮ ጮኸች። ሽሮውን ነካ ታደርጋለች፣ ትተወዋለች። ዘነበወርቅ በየጠዋቱ በሩን ከፍታ ሳህኑን ታይና «ስትርቢ ትበያለሽ» ብላ ትዘጋለች።

ስቅለት ዕለት ማለዳ፣ ዘነበወርቅ ለስግደት ለብሳ ስትወጣ እናኑ መንገድ ዘጋችባት።

«እማማ፣ ውሮ ምጥ ላይ ናት መሰለኝ። ድምፅዋ ተለውጧል። ቁልፉን ይተዉልኝ።»

«ወተት ልታጠጫት?»

«ወተት ከየት አመጣለሁ? ለልጄም የለኝ።»

«ጌታ በተሰቀለበት ቀን ስለ ድመት ታወሪኛለሽ? አታፍሪም?» አለች። ቁልፉን ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።

ያን ቀን ዘነበወርቅ እንደ ወጣት ሰገደች። ስትወድቅ ቁልፉ የድንጋዩን ወለል ቀጭ ያደርገዋል። ስትነሣ ደረቷን ይመታታል። አጠገቧ የምትሰግደው ሴት «ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለቻት። «ምንም» አለችና እንደገና ወደቀች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሰች። ልቧ ሞልቷል። እናኑ ከቆርቆሮው በር ፊት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኗን አዝላለች። አጠገቧ የልብስ ቋጠሮ አለ። ጣቶቿ ተላልጠዋል፤ ቆርቆሮውን ልትገነጥል ሞክራ ነበር።

«ወለደች?» አለች ዘነበወርቅ።

«ወለደች። ከቀትር በፊት ልጆቿ ሲጮኹ ነበር፤ ቀጫጭን ድምፅ። ከዚያ አንድ በአንድ እያለ ጠፋ።»

ዘነበወርቅ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈትታ በሩን ከፈተች። ውሮ ከሰሉ ብናኝ ላይ ተቀምጣ አፏን ትልሳለች። ግልገል የለም። አንድ የተረፈ ነበር፤ እሱም ሙሉ አልነበረም።

«አውሬ!» ብላ ጮኸች ዘነበወርቅ። «የገዛ ልጆቿን! ያውም በስቅለት!»

ውሮ ተነሣች። በዘነበወርቅ እግሮች መሀል አልፋ፣ ቀስ ብላ፣ አጥሩን ወጥታ ወደ ዘሃራ ግቢ ወረደች። ወደኋላ አላየችም። ዳግመኛም አልተመለሰች።

እናኑ ቋጠሮዋን አነሣች።

«እኔም እኮ እርቦኛል፣ እማማ» አለች።

ዘነበወርቅ ዞረች። «ምን አልሽ?»

«ጡቴ ደርቋል። ስትጠባኝ ደም ነው የሚመጣላት። ትናንት አልቅሳ አልቅሳ አልተው ስትለኝ እጄ ወደ አፏ ሄደ። ዝም እንድትልልኝ ብቻ ነበር። ከዚያ እጄን አየሁት፣ ፈራሁት። ዛሬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከዚህ በር ሥር ተቀምጬ ውሮን ሰማሁ።» ቋጠሮዋን ብብቷ ሥር አደረገች። «ዛሬ እትዬ ዘሃራ ቤት አድራለሁ። ነገ በጠዋቱ መኪና እናቴ ጋ እሄዳለሁ።»

እዚህ ላይ ዘነበወርቅ የሆነ ቃል ቢወጣት፣ «ነይ ግቢ፣ ብዪ» የሚል ቢወጣት፣ ነገሩ ይለወጥ ነበር። አፏ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው።

«በስቅለት ከእስላም ቤት ልታድሪ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ እርስዎን ሲያመሰግን ነው የከረመው» አለች እናኑ። «ይብቃው።»

በፋሲካ ዋዜማ ልጇ ከቆላ መጣ፤ ለሚስቱ ቀሚስ፣ ለልጁ ኮፍያ ይዞ። የሆነውን ጠየቀ፣ ሰማ። የከሰሉን ቤት ገብቶ አየ። ከዚያ የያዘውን ሳያስቀምጥ ሚስቱን ፍለጋ ወጣ። እናቱ «ዶሮው ደርሷል፣ ሌሊት አብረን እንፈስካለን እንጂ!» እያለች እስከ በር ተከተለችው። «ለማን ነው የሠራሽው?» አላት፤ ሄደ።

ዘነበወርቅ ጾሟን አልገደፈችም። አንዲት ቀን ሳታጓድል፣ ሳትሳሳት ጨርሳለች። ሌሊቱን ከቤተ ክርስቲያን መጥታ የደረሰ ወጥ ፊቷ አስቀምጣ ተቀመጠች። «እንኳን አደረሰሽ» የሚላት ሰው ጠበቀች። ጎህ ቀደደ። ወጡ ረጋ።

እንግዲህ ትምህርቱ አይጠፋችሁም፤ ግን ልናገረው፣ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር። ሰው እግዚአብሔርን ደስ ላሰኝ ብሎ ጾም የሚያዝዘው በገዛ ሆዱ ላይ ነው። በሌላው ሆድ ላይ ያዘዘው ዕለት እግዚአብሔርን ትቷል፤ ጭብጨባ ነው የፈለገው። ደግሞ ያስራቡትን ፍጡር፣ ሲብስበት የሚሆነውን ሆኖ ሲያገኙት፣ አውሬ ነው ብሎ መጮኽ ከሁሉ የከፋ ድፍረት ነው። በር የቆለፈው ማን ሆነና?

ይህ ለጾም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቆጣቢ ተብሎ የሚመሰገን አባት አለ፣ የሚቆጥበው ከልጆቹ ጉሮሮ ነው። ትጉህ ተብሎ የሚሸለም አለቃ አለ፣ የሚተጉለት ሌሎች ናቸው። ለእንግዳ እጇ የተፈታ ሴት አለች፣ እንግዳው ሲሄድ የቤቷ ሰው ድስት ይፍቃል። ምስጋናው ለአንዱ፣ ረሃቡ ለሌላው።

እስቲ ዛሬ ገበታ ላይ ስትቀመጡ፣ ከመባረካችሁ በፊት፣ የቤታችሁን ሰው ፊት በየተራ እዩ። በእናንተ ጽድቅ የሚራበው የትኛው ነው?