የተሳመው ሃይላንድ

«አንዲት ሴት ነበረች» አሉ እማሆይ ወለተ ሐና፣ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው።

ይህን ያሉት ለአንዲት ወጣት ነው። ወጣቷ ከቅዳሴ በኋላ ሰው እስኪበተን ጠብቃ፣ እሳቸው ወደተቀመጡበት ዛፍ ሥር ቀርባ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ጠይቃቸው ነበር። «እማሆይ፣ አንድ ሰው ያጠፋውን ጥፋት ማንም ካላየው፣ ማንንም ካልጎዳ፣ መናገር ለምን ያስፈልገዋል?» አለቻቸው። ያጠፋችው ምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። እሳቸውም አልጠየቋት። ታሪኩን ብቻ ቀጠሉ።

ሴትዮዋ ባዶ ሃይላንድ የማትጥል ሴት ነበረች። ሌላው ሰው ውሃውን ጠጥቶ ፕላስቲኩን ቦይ ውስጥ ሲወረውረው፣ እሷ አንስታ፣ አጥባ፣ ወደ ቤቷ ታስገባዋለች። ወገቡ ላይ በቢላ ትቆርጠውና የታችኛውን ግማሽ አፈር ሞልታ የቃሪያ ችግኝ ታፈላበታለች። ጤና አዳምና በሶብላ የበቀሉባቸው ሃይላንዶች በአጥሯ ላይ በሽቦ ተንጠልጥለው ነበር። የላይኛው ግማሽም ሥራ አያጣም፤ ዘይት ሲገለበጥ እንዳይፈስ ተዘቅዝቆ ጀሪካኑ አፍ ላይ ይሰካል። ደጃፏ ላይ የተሰቀለው፣ ክዳኑ በምስማር የተበሳሳው ደግሞ እጅ መታጠቢያ ነው። ምስሩም ክኩም በሃይላንድ ይቀመጣል። ጫጩቶቿ ሳይቀሩ ውሃ የሚጠጡት በሃይላንድ ነበር። ቧንቧ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ በመጣ ቁጥር የቀሩትን ሁሉ ሞልታ መደርደሪያው ላይ ታቆማለች።

የሰፈሩ ሴቶች እየመጡ ይማሩባት ነበር። ይቀልዱባትም ነበር። ቆራሌው ባዶ ዕቃ ሊገዛ እየጮኸ ሲመጣ እሷ በር ጋ ሲደርስ ድምፁን ይቀንሳል፤ ልትሸጥለት ቀርቶ ከጆንያው ትወስድበታለች ይላሉ። እሷም አብራ ትስቃለች። በልቧ ግን ትኮራ ነበር። በእኔ ቤት የሚጠፋ ነገር የለም፣ የሚባክን ነገር የለም እያለች።

ጎረቤቷ ባል የታመመባት ሴት ነበረች። ሰውየው እግሮቹ አብጠው ከአልጋ ከዋለ ሰንብቷል። ሐኪም ያየዋል፣ መድኃኒቱንም ይውጣል። ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመኝ ነበር፤ የተወለደበትን አገር ጠበል። በልጅነቱ ከዚያ ከወጣ ወዲህ አልተመለሰም። ሚስቱ ክረምቱ ሳይገባ ብላ ተነሳች። መኪና የሚገባበትን በመኪና፣ የማይገባበትን በእግሯ ሄዳ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ ጠበሉን በአንድ ሃይላንድ ይዛ ተመለሰች። ወዲያው ዝናቡ ጀመረ። ወንዙም ሞልቶ መንገዱን ዘጋው።

እሷ በሌለችበት ግን ሕመሙ ጠንቶበት ሆስፒታል አስገብተውት ነበር። አሁን እዚያው ሆና ልታስታምመው ነው። ቤት የሚቀሩት ልጆች ደግሞ ያገኙትን ውሃ ሁሉ አንስተው የሚጠጡ ናቸው። ስለዚህ ሃይላንዱን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጎረቤቷ አመጣችው። አደራ አለቻት። ከሌሎቹ ጋር እንዳይምታታ አንገቱ ላይ ክር ልሰርበት ወይ ብላም ጠየቀቻት።

ሴትዮዋ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ፣ እኔ ሃይላንዶቼን ሳላውቃቸው? ዓይኔን ጨፍኜ እለያቸዋለሁ።»

ጎረቤቷም አመነቻትና ክሩን ሳታስር ሄደች። ሴትዮዋ ጠበሉን መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ ከክኩ ኋላ አስቀመጠችው።

ከዚያ አንድ ቀን መደርደሪያዋን አጸዳች። ሃይላንዶቹን አወረደች፣ ጠራረገች፣ መልሳ ደረደረች። ሌላ ቀን ደግሞ ዝናብ እየመታት ከገበያ መጣች። እግሯ እስከ ባቷ ጭቃ ነበር። ቧንቧው ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር መደርደሪያው ላይ ንጹሕ ውሃ ያለበት ሃይላንድ አንድ ብቻ አገኘች። እንኳን ይህች ቀረችልኝ ብላ አወረደችው። ደጃፏ ላይ ቆማ እግሯን ታጠበችበት። ባዶውንም እንደ ልማዷ ወዲያው ቆረጠችውና ችግኝ ተከለችበት።

ጎረቤቷ ስትደውልላት ድምጿ ላይ ደስታ ነበር። ባሏ ከሆስፒታል ወጥቷል፣ ቤት ገብተዋል፣ ጠበሉን ይዘሽልኝ ነይ አለቻት። ሴትዮዋ ከክኩ ኋላ ያለውን ሃይላንድ አወረደች። አቧራውን ልትጠርግ ወዘወዝ ስታደርገው አረፋ ሆነ። ዕቃ ልታጥብበት ያጠራቀመችው የሳሙና ውሃ ነበር።

መደርደሪያውን ሁሉ በረበረች። የቀሩት ባዶዎች ነበሩ። ያን ጊዜ እግሯን የታጠበችበት ቀን ትዝ አላት። እንኳን ይህች ቀረችልኝ ያለችውም ትዝ አላት። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

ሄዳ ልትናገር አስባ ተነሳች። ነገር ግን ሰፈሩ የሚለውን ቀድማ ሰማችው። የሚጠፋ ነገር የለም ስትል የነበረችው፣ አደራ ጠፋባት ሊሉ ነው። መልሳ ተቀመጠች። ለሁሉ ነገር መላ የማታጣ ሴት ናትና ለዚህም መላ አገኘች። ቧንቧው ያን ሰዓት ገና መምጣቱ ነበር። አንድ ንጹሕ ሃይላንድ መርጣ ሞላች። ውሃ ያው ውሃ ነው አለች ለራሷ። የሚያድነው እምነቱ ነው፤ ብናገር ተስፋውን እነጥቀዋለሁ፤ ዝም ብል ማንን እጎዳለሁ? ሃይላንዱን ደህና አድርጋ ወለወለችው። በነጭ ሻሽ ጠቅልላም ይዛው ሄደች።

ሰውየው ትራስ ተደግፎ ተጋድሞ ነበር። ጎረቤቷ በሁለት እጇ ተቀበለቻትና ሻሹን ገለጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሃይላንዱን ሳመችው። ግንባሯን አስነክታው እንደገና ሳመችው።

ሴትዮዋ ይህን አላሰበችም ነበር። ስለ ውሃው አስባለች፣ ስለ ክዳኑ አስባለች፣ ስለ ሻሹ ሳይቀር አስባለች። እንደሚሳም ግን አላሰበችም። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

«እንዲያው ምን ልበልሽ» አለቻት ጎረቤቷ። «አንቺ ባትኖሪ የት አስቀምጠው ነበር።»

ሰውየው ሃይላንዱን ሲያይ ብርድ ልብሱን ከላዩ ገፈፈ። ሚስቱ አትነሳ፣ እኔ አመጣልሃለሁ ብትለው እንቢ አለ። የአገሬን ጠበል ተኝቼ አልቀበልም አላት። እግሮቹን አንድ በአንድ ወደ መሬት አወረደ። ቆዳቸው ተወጥሮ ያብለጨልጭ ነበር። የአልጋውን ጠርዝ ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ተነሳ። ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ይወርዳል።

«መጀመሪያ እግሬ ላይ አፍስሽልኝ» አላት ሚስቱን።

ሴትዮዋ አቀርቅራ የራሷን እግር አየች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ሃይላንዱን ከጎረቤቷ እጅ ነጠቀች።

«ተቀመጥ ጋሼ» አለች። «ጠበል አይደለም። የቧንቧ ውሃ ነው።»

ሁለቱም ያልሰሙ መስለው አዩዋት።

«ጠበልህን እግሬን ታጠብኩበት። እሱን ሳላውቅ ነው። ይሄን ግን አውቄ ነው የሞላሁት።»

ሰውየው ቀስ ብሎ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ስድብ ጠበቀች። ቢሰድቧት፣ ቢያባርሯት ይቀላት ነበር። ጎረቤቷ ግን አልሰደበቻትም። በነጠላዋ ጫፍ ከንፈሯን ጠረገች።

«ስሜው ነበር እኮ» አለች፣ በቀስታ።

ሴትዮዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። መውጣትም መቆምም አቃታት። ሰውየው እግሯን አየት አደረገና፣ «እንግዲህ ጠበሉ ያገኘው ያንቺን እግር ነው» አላት። «ወንዙ ሲጎድል በዚያው እግርሽ ሄደሽ ታመጪልኛለሽ።» ይቀልድ ይሁን ከልቡ ይሁን አልገባትም። ብቻ እሺ አለች።

ያን ክረምት ጎረቤቷ ደጇን አልረገጠችም። ሰፈሩም ሰማ። ሃይላንዶቿን ሊያዩ የሚመጡት ሴቶች ቀሩ። አንዷ መንገድ ላይ ሃይላንድ ይዛ አገኘቻትና፣ እግርሽን ልትታጠቢበት ነው ወይ አለቻት። ሀፍረቷን ለብሳው ትወጣለች፣ ለብሳው ትገባለች።

ወንዙ ሲጎድል ሄደች። መንገዱ ምን ያህል እንደሚያደክም ያን ጊዜ አወቀች፤ ጎረቤቷ በአንድ ሃይላንድ ምን ይዛ መጥታ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ስትመለስ ወደ ቤቷ ሳትገባ፣ አቧራዋን ሳታራግፍ፣ በቀጥታ የጎረቤቷን በር አንኳኳች። ጎረቤቷ ወጥታ ሃይላንዱን ተቀበለቻት። ወዲያው ግን አልሳመችውም። መጀመሪያ ሴትዮዋን ዓይን ዓይኗን አየቻት። ሴትዮዋም ክረምቱን ሙሉ አቀርቅራ የከረመችውን ፊቷን ቀና አደረገች። ከዚያ ጎረቤቷ ጎንበስ ብላ ሳመችው።

እማሆይ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ። ወጣቷ ሰውየው ዳነ ወይ ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ተወችው።

«ልጄ» አሏት ወደ እሷ ዞረው፣ «ማንንም ካልጎዳ ብለሽኛል። እውነትሽን ነው፤ የቧንቧ ውሃ ማንን ይጎዳል? ቢጠጣው አያመው፣ እግሩን ቢታጠብበት አያቃጥለው። ባትናገር ኖሮ ማንም አያውቅባትም ነበር። ነገር ግን የሚያምንሽ ሰው የሰጠሽውን ከፍቶ አይመረምርም። ተቀብሎ ይስመዋል። አንቺ የደበቅሽው ነገርም እንደዚያ ሃይላንድ ነው። ከውጭ ሲያዩት ከደህናው አይለይም፤ የሚያምንሽ ሰው አሁን በሁለት እጁ ይዞታል። ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም። አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ወጣቷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ማፈሩን ፈርተሽ ነው የመጣሽው» አሉ እማሆይ፣ መቁጠሪያቸውን እያነሱ። «አፍረሻል እኮ፣ አሁን ምን ቀረሽ? በይ ሂጂ። የሚያምንሽም ሰው እንደዚያ በሽተኛ ከአልጋው ሳይነሳ ድረሺበት።»